ግቤ ደጃችን፣ ከሰል ጓዳችን፦ የኦሮሚያ የልቀት ቅነሳ ፖሊሲ ከጅማ ሲታይ

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው አሰንዳቦን አልፎ ብዙ ሳይርቅ የግልገል ግቤ ግድብ አካባቢ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው ይህ ጣቢያ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በዚያው መንገድ ዳር ደግሞ ከሰል በማዳበሪያ ተሞልቶ ተደርድሯል። አፉ በቅጠል ተወትፏል፣ በገመድ ተጠልፏል፣ ከላይ ጉብ ብሏል። መኪና ፍጥነቱን ሲቀንስ ሻጮቹ ሮጠው ይመጣሉ። ኤሌክትሪክ የሚመነጭበት ዞን እራቱን የሚያበስለው በአብዛኛው በእንጨትና በከሰል ነው።

ኅዳር 2018 ዓ.ም. ብራዚል ቤሌም ላይ በተካሄደው ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. የ2027ቱን ኮፕ 32 ኢትዮጵያ እንድታስተናግድ ተወሰነ። ኮፕ ማለት አገሮች በየዓመቱ ስለ አየር ንብረት የሚመክሩበት የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ነው። ከዚያ ወዲህ "ካርቦን"፣ "አረንጓዴ ኢኮኖሚ"፣ "ታዳሽ ኃይል" የሚሉት ቃላት በየሬዲዮው በዝተዋል። ሲደጋገሙ ግን ተደባለቁ። ግድብ መሥራት፣ ችግኝ መትከልና ካርቦን መሸጥ አንድ ነገር የሚመስለው ሰው ትንሽ አይደለም። "ክልሉ ካርቦን ሸጠ" ሲባል ጫካው የተሸጠ የሚመስለውም አለ።

ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር። ጅማ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው የክልሉ ፖሊሲ ትልቁ ጉዳይ ሽቦው ላይ የለም። ያለው ጫካው ላይ ነው። የጫካው ዕጣ ደግሞ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ ማድ ቤት ውስጥ ነው።

ጭሱ ያለው የት ነው?

ሙቀት አማቂ ጋዞች የሚባሉት ምድር ከፀሐይ ያገኘችው ሙቀት ተመልሶ እንዳይወጣ እንደ ጋቢ ሸፍነው የሚይዙ ናቸው። ዋናዎቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ ናቸው። ወደ አየር ሲለቀቁ "ልቀት" እንላለን።

በብዙ አገር ልቀት ሲባል ቶሎ ሐሳብ ላይ የሚመጣው በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ነው። እኛ ጋ ነገሩ ይለያል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ ነው፤ ጥቂቱ ከነፋስና ከምድር እንፋሎት ይመጣል። ጅማ ላይ አምፖል ማጥፋት የወር ሒሳብ ይቀንሳል እንጂ ልቀት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

የአገሪቱ ልቀት በብዛት የሚወጣው ከሌላ ቦታ ነው። ከብት ሲያመሰኳ ሚቴን ያወጣል፤ ከብታችን ደግሞ ብዙ ነው። ደን ሲመነጠር በዛፉና በአፈሩ ተከማችቶ የኖረው ካርቦን ይለቀቃል። ማገዶም አለ። በእርግጥ የተቆረጠው ዛፍ በቦታው መልሶ ከበቀለ የማገዶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመልሶ ይያዛል። ችግሩ የሚቆረጠው ከሚበቅለው ሲበልጥ ነው።

የመንግሥት ዕቅዶችም የቆሙት በዚሁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ነገሮች እንዳሉ ከቀጠሉ በ2030 ልቀቱ 400 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል ብሎ ገመተ። ግቡን ግን 150 ሚሊዮን ቶን ላይ አደረገ። አገሪቱ ለዓለም የገባችውና በ2021 የተሻሻለው ቃል ኪዳን በ2030 ከሚጠበቀው ልቀት 68.8 በመቶ ለመቀነስ ይላል። ከ68.8ቱ ውስጥ አገሪቱ በራሷ አቅም እሠራዋለሁ ያለችው 14ቱን ነው፤ የቀረው በውጭ ድጋፍ የሚመጣ ነው። ትልቁን ሸክም የተሸከመው መሬትና ደን ነው። እንግዲህ ደን ያለበት ክልል በዚህ ጉዳይ ዋና ተዋናይ ይሆናል ማለት ነው። ጅማ፣ ኢሉ አባቦር፣ ባሌና ጉጂ ደግሞ ያሉት ኦሮሚያ ውስጥ ነው።

ክልሉ በእጁ ያለው

ይህን ሳይለዩ መውቀስም ማመስገንም ለስህተት ይዳርጋል። ግድብ መሥራት፣ ትልልቅ የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋትና ታሪፍ መወሰን የፌዴራል ሥራ ነው። መብራት ሲሄድ የሚጠየቀው የክልሉ ቢሮ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የተከለከለውም በፌዴራል ውሳኔ ነው።

ክልሉ ያለው ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀም ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። በአንቀጽ 52 ደግሞ ያንን ሕግ ተከትሎ መሬቱንና የተፈጥሮ ሀብቱን ማስተዳደርን ለክልል ይሰጣል። ደን ጥበቃ፣ የግብርና ባለሙያ፣ የቡና ልማት፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን ማስፋፋት፣ ባዮጋዝ፣ የከሰል ዝውውርን መቆጣጠር፣ ሁሉም ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳና ቀበሌ የሚወርድ ሥራ ነው። ሜጋ ዋቱ የፌዴራል፣ ማገዶው የክልል ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

"ካርቦን ተሸጠ" ሲባል

እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ባዮካርበን ፈንድ ጋር መላውን ኦሮሚያ የሚመለከት ውል ተፈራረመች። ውሉ እስከ 2030 ድረስ እስከ 4 ሚሊዮን ቶን ለሚደርስ የልቀት ቅነሳ እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ነው። በቀላሉ ሲካፈል ለአንድ ቶን 10 ዶላር ገደማ ይመጣል።

ምን ተሸጠ? ዛፉ አልተሸጠም፤ መሬቱም አልተሸጠም። የተሸጠው ሊወጣ ሲችል ያልወጣው ጭስ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ባለፉት ዓመታት በክልሉ በዓመት ስንት ሄክታር ደን እንደጠፋ በሳተላይት ምስልና በመስክ ልኬት ይሰላል። ይህ መነሻ መለኪያ ይባላል። ከዚያ በውሉ ዘመን የጠፋው ይለካል። ከመነሻው ያነሰ ከሆነ ልዩነቱ ወደ ቶን ይመነዘራል። ገለልተኛ አጣሪ ያየዋል። ገንዘቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። "እስከ" የሚለው ቃል ሁለት ቦታ የገባው ለዚህ ነው፤ ደኑ ካለቀ ክፍያ የለም።

እዚህ ላይ ሁለት እይታዎች አሉ። ደጋፊዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ ያለ ዛፍ ዋጋ ወጣለት ይላሉ። በእርግጥም እስከ ዛሬ ዛፍ ገንዘብ የሚሆነው ሲወድቅ ብቻ ነበር። ተቺዎቹ ደግሞ ሒሳቡን ያነሳሉ። 40 ሚሊዮን ዶላር ትልቅ ይመስላል። ለዓመታትና በአሥር ሚሊዮኖች ለሚቆጠር የክልሉ ሕዝብ ሲበተን ግን ለአንድ ገበሬ የሚደርሰው የአንድ ቀን የከሰል ሽያጭ ላይሆን ይችላል። ለዚህም ነው ክፍያው በነፍስ ወከፍ እጅ ላይ የሚሰጥ ሳይሆን ትልቁ ድርሻ ለማኅበረሰብ ሥራ እንዲውል የታቀደው።

እኔ ይበልጥ የሚከብደኝ ሌላው ነጥብ ነው። ልኬቱ የሚሠራው በክልል ደረጃ ነው። ጅማ ዞን ጌራ ወረዳ ያለ የደን ጠባቂ ማኅበር ጫካውን በሚገባ ቢጠብቅ፣ ሌላ ዞን ግን ደኑ ቢመነጠር፣ ድምሩ ይበላሻል። ፕሮግራሙ ይህን በክፍፍል ቀመር ለማካካስ ይሞክራል። ዛፍ ስር ለሚያድር ጠባቂ ግን ማስረዳቱ ቀላል አይደለም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ቃል አለ፤ "ፍልሰት"። አንድ ጫካ ሲከለከል ቆራጩ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ሥራውን ማቆሙ ነው ወይስ ቦታ መቀየሩ? መላውን ክልል ባንድ ላይ መለካት የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ይህን ለማየት ነው።

ከሰሉ ለምን አልቀረም?

ጉዳዩ እዚህ ላይ ማድ ቤት ይገባል።

ከሰል የሚሠራው እንጨት ተከምሮ፣ በቅጠልና በአፈር ተሸፍኖ፣ አየር አጥሮት ቀስ ብሎ ሲነድ ነው። በዚህ ባህላዊ ዘዴ 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይሄዳል። አንድ ኪሎ ከሰል የሚሰጠው ሙቀት ከአንድ ኪሎ እንጨት እጥፍ ገደማ ነው። ስድስት ኪሎ እንጨት አንድ ኪሎ ከሰል ወጣው እንበል። ከእንጨቱ ሙቀት ከሦስት እጁ ሁለቱ ገና ከተማ ሳይገባ እዚያው ጫካ ውስጥ ጠፍቷል። በዚያ ላይ ታፍኖ የሚነደው ክምር ሚቴን ይለቅቃል። ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ሙቀት በመያዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድን 28 ጊዜ ያህል ይበልጣል።

ታዲያ የከተማ ሰው ለምን ይመርጠዋል? ይቀላል፣ ብዙም አይጨስም፣ ቦታ አይፈጅም፣ በሳህን ተቸርችሮም ይገዛል። አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቡናም አለ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ቤት እንኳ ጀበናውን ከሰል ላይ ነው የሚጥደው።

"መብራት ገብቶ ለምን በከሰል?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ ምጣዱ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከቤት ውስጥ ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። 3 ኪሎ ዋት ተኩል እንያዝ። አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገር 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። በሳምንት ሁለቴ የሚጋግር ቤት በወር ከ40 በላይ ይደርሳል ማለት ነው። በቅናሽ የሚከፈልበት የመጀመሪያው እርከን ደግሞ እስከ 50 ነው። ምጣዱ ብቻውን እርከኑን ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ሲጨመሩ ቤቱ ያልፈዋል። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል።

ወደ ሰፈር እንውረድ። አንድ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ሌላ ምንም ነገር ባይኖርበት ከ28 በላይ እንዲህ ያለ ምጣድ በአንድ ጊዜ አይችልም። የበዓል ዋዜማ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ይሰካል። መጀመሪያ አምፖሉ ይደክማል፤ ቢጫ ይሆናል። ምጣዱ ግሎ አይግልም፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ቀጥሎ አንድ ፌዝ ይጠፋል። ሊጡ ቡኮው ውስጥ እንዳለ ከሰል ወይም እንጨት ፍለጋ ይጀመራል። አንድ ቤት ይህ ሁለቴ ከደረሰበት የእንጨት ምጣዱን አይጥልም። ልክ ነው። ማንም ያደርገዋል።

ሌላው በፖሊሲ ሰነድ ውስጥ የማይታየው የአከራይ ቃል ነው። ብዙ ግቢ አንድ ቆጣሪ ነው ያለው። "ምጣድና ምድጃ መጠቀም አይቻልም" የሚለው የኪራይ ውል ሳይጻፍም የታወቀ ነው። ስለዚህ ለከተማው ተከራይ የንጹሕ ኃይል ጥያቄ ብዙ ጊዜ የግድብ ጥያቄ አይደለም። የቆጣሪ ጥያቄ ነው።

በዚህ መሐል የክልሉ ድርሻ ምድጃው ነው። ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ ውስጡ በሸክላ የተለበጠ ነው፤ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል ይፈጃል። ምርጥ የሚባለው በሲሚንቶና በአሸዋ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ሁለቱም የቆዩ ናቸው፤ አዲስ ግኝት አያስፈልግም። የጎደለው ከሥልጠናው በኋላ ያለው ነገር ነው። ምድጃ ሠሪ ማኅበር ይደራጃል፣ ይሠለጥናል፣ ፎቶ ይነሣል። ሲሚንቶ ሲወደድ ምድጃው ይወደዳል፤ ገዢ ይጠፋል። ምድጃ ሲሰነጠቅ የሚጠግነውስ ማነው? የተሠራጨ ምድጃ ቁጥር ብቻ ሪፖርት ከተደረገ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ስንቱ እንደሚነድ አይታወቅም። እኔን ከጠየቃችሁኝ የሚቆጠረው ምድጃ ሳይሆን ከተማ የሚገባው ከሰል ቢሆን ይሻል ነበር።

ቡናው ስር ያለው ነገር

ጅማን ከሌላው የሚለየው ደኑና ቡናው አንድ ላይ መኖራቸው ነው። ቡና ጥላ ይፈልጋል። ሰሳውና ዋንዛው የሚቆመው ገበሬው ለቡናው ብሎ ነው። ስለዚህ ቡና ጥሩ ዋጋ ሲያወጣ ዛፍ ይተርፋል። የቡና ዋጋ ሲወድቅ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቡናው ተነቅሎ ጫት ይተከላል። ጫት ጥላ አይፈልግም።

በለጠ ጌራ ጫካ ላይ የተሞከረው ይህንን ትስስር የተጠቀመ ነው። በጃፓን መንግሥት የልማት ድርጅት ጃይካ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አሳታፊ የደን አስተዳደር ተጀመረ። ትርጉሙ ቀላል ነው። መንደሩ ማኅበር ያቋቁማል፣ ከመንግሥት ጋር ይዋዋላል፣ ይጠብቃል፣ በምትኩ ከጫካው ቡናና ማር የመውሰድ መብቱ ይታወቅለታል። በኋላ የደን ቡናው የዓለም አቀፍ ማረጋገጫ አግኝቶ በጭማሪ ዋጋ ተሸጠ። በቦታው የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ማኅበር ያለው ጫካ ከሌለው የተሻለ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. የ2018ቱ የደን አዋጅም ለማኅበረሰብ ደን እውቅና ሰጥቷል።

አንድ ክፍተት ግን አለ። በኢትዮጵያ ትርጉም ደን የሚባለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ያለው ነው። ገበሬው ቡናው የበለጠ እንዲያፈራ ጥቅጥቁን ጫካ እያሳሳ፣ ቀረሮውን ቆርጦ ሰሳውን እየተወ ቢሄድ፣ ሽፋኑ ከ80 ወደ 30 ቢወርድም በወረቀት ላይ ያው ደን ነው። ካርቦኑ ግን ከፊሉ ሄዷል። "ደን አልተመነጠረም" እና "ደኑ አልተጎዳም" ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው።

ከውጭ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ እየመጣ ነው። ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተመነጠረ ደን ላይ የበቀለ ቡና አውሮፓ አይገባም ይላል። ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትልልቅ ነጋዴዎች ከ2026 መጨረሻ ጀምሮ ተግባራዊ እንዲሆን ተወስኗል። እያንዳንዱ ማሳ በካርታ መታወቅ አለበት፤ ከ4 ሄክታር በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል። የሊሙና የጎማ ገበሬ ማሳ በአብዛኛው ከዚያ በታች ነው። ሥራው ከባድ የሚሆነው በስፋቱ ሳይሆን በብዛቱ ነው። ለክልሉ ግን ይህ ካርታ ሁለት ጥቅም አለው። ለቡና ንግዱም ይሆናል፤ ለካርቦን ልኬቱም ይሆናል። ሁለት ቢሮ ለየብቻ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጥር እንጂ።

ደኑ ለመብራቱም ያስፈልጋል። ከተራቆተ ተዳፋት የሚታጠበው አፈር ደለል ሆኖ ግልገል ግቤ ሐይቅ ውስጥ ይተኛል። ከዚያ የሚወጣው ውኃ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ አልፎ 420 ሜጋ ዋት አቅም ያለውን ግቤ 2ን ያንቀሳቅሳል። አንድ ሐይቅ ሁለት ጣቢያ ይመግባል ማለት ነው።

ይከልከል ወይስ ይተካ?

ክርክሩ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው እዚህ ነው። አንዱ ወገን ኬላ ይጥበቅ፣ ከሰል ይወረስ ይላል። የከሰል ዝውውርን የሚቆጣጠር ሕግ መኖሩ ብቻ አይበቃም የሚለው ትክክል ነው። ኬላ ሲጠብቅ ግን ከሰሉ አይጠፋም፤ ሌሊት ይገባል፤ ይወደዳል። ጭማሪውን የሚከፍለው አንድ ክፍል የተከራየው ሰው ነው። ሌላው ወገን ባሕር ዛፍ ይተከል፣ ከሰሉ ከዚያ ይውጣ ይላል። ባሕር ዛፍ ውኃ ይጨርሳል፣ አፈር ያደርቃል የሚል ጠንካራ ተቃውሞ አለበት። በእርሻ ዳርና በምንጭ አጠገብ ሲሆን ተቃውሞው ሚዛን ይደፋል። ከእርሻ በራቀና በተራቆተ ኮረብታ ላይ ሲሆን ግን የተፈጥሮ ደኑን ሸክም እንደሚያቀልለት መካድ አይቻልም። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ቦታው ተመርጦ እስከሆነ ድረስ።

ሦስተኛ መንገድ ጅማ ውስጥ እጅ ላይ አለ። ቡና ሲፈለፈል ገለባ ይተርፋል። በደረቁ ከተዘጋጀ ቡና ክብደት ግማሹ ያህል ገለባ ነው። በየመፈልፈያው ጓሮ ተቆልሎ ይበሰብሳል፤ ክምሩ ትልቅ ሲሆን ከውስጥ ሚቴን ይወጣዋል። ይህ ገለባ ከስሎና ተጨምቆ የከሰል ጡብ ይሆናል፤ ቴክኖሎጂውም የተወሳሰበ አይደለም። እስካሁን ከዛፍ ከሰል ጋር በዋጋ መፎካከር ያልቻለበት ምክንያት አንድ ነው። የዛፍ ከሰል የሚያከስለው ሰው ለዛፉ ምንም አይከፍልም። የገለባው ጡብ ግን ማሽንም፣ ጭነትም፣ ማጣበቂያም ከፍሎ ነው ገበያ የሚደርሰው። ከካርቦን ክፍያው ጥቂቱ ይህን የዋጋ ልዩነት ለመሸፈን ቢውል፣ የጀበናው ከሰል ከጫካው ሳይሆን ከራሱ ከቡናው ሊመጣ ይችላል።